መዝጋቢው ከመንቃቱ በፊት

ባዶ ነው የተባለው ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ቤቱ ባዶ መሆኑን የነገረኝ ራሱ ቤቱ ነው።

ማታ ከሥራ ገብቼ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬያለሁ። ብዙ ነገር ተለውጧል፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ያው ነው። ቤቱ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው እህ እህ አለና «ለሚመለከተው ሁሉ ማስታወቂያ አለ» አለ። አንብብልኝ አላልኩትም፤ ሳይጠየቅ ነው የሚያነበው።

«ይህ ቤት ላለፈው አንድ ዓመት ነዋሪ ስላልተመዘገበበት ባዶ ተብሏል። የሚመጣው ወር ሲያልቅ ለተረኛ ይሰጣል።»

«ባዶ?» አልኩ። «እኔስ?»

«እርስዎ እንግዳ ነዎት» አለኝ። ቀጥሎም፣ እንግዳ ሲመጣ እንዲል ሆኖ ስለተሠራ፣ «እንኳን ደህና መጡ» አለ።

ሳፋውን በእግሬ ገለበጥኩት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ወለሉን የጠረግኩትም እኔው እንግዳው ነኝ።

ዘውገ አርጋው እባላለሁ። እዚህ ቤት ውስጥ ሙሽራ ሆኜ ገብቻለሁ፣ ሁለት ልጆች አሳድጌ ድሬያለሁ፣ ዓምና ኅዳር ላይ ደግሞ ሚስቴን እልፍነሽን ከዚሁ ቤት አውጥቼ ቀብሬያለሁ። በሥራዬ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን የመጀመሪያውን አውቶቡስ እነዳለሁ። መንዳት ካሉት ማለቴ ነው፤ አውቶቡሱ ራሱን ይነዳል፣ እኔ የምቀመጠው ሕጉ ከፊት ሰው ይቀመጥ ስለሚል ነው። ያም ሆኖ ማልጄ መድረስ አለብኝ። እኔ ሳልቀመጥ አይነሣም።

የከተማችን ቤቶች ሌሊት ይተኛሉ። ኃይል ለመቆጠብ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው፤ ከወጣ ብዙ ዓመት ስለሆነው ከእኔ በቀር የሚያማርርበት የለም። ሌሊቱ ሲገፋ ሁሉም ይጠፋል፣ ሊነጋጋ ሲል ሁሉም እንደ አዲስ ይነሣል። ሲነሣ ታዲያ ዝም ብሎ አይነሣም፤ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ እየጠራ ነው። በር፤ አለ። መብራት፤ አለ። ውሃ፤ አለ። ምድጃ፤ አለ። የረድፉ ቤቶች በሙሉ በአንድ ጊዜ ስለሚለፈልፉ ግድግዳው ሁሉ ሰው የሞላበት ይመስላል። ፊቱን ሳሙና ቀብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቤቱ ውሃን እስኪጠራ የሚጠብቅ ጎረቤት ስንት እንዳለ እግዜር ይወቀው። በር ግን በሕግ ቀድሞ ይነቃል፤ እሳት ቢነሣ ሰው እንዳይታፈን ተብሎ ነው። እኔም የምጠብቀው እሱን ብቻ ነው። «በር፤ አለ» ሲል ውልቅ እላለሁ።

በማግስቱ ኤልዳናን ጠራኋት። ኤልዳና የሰፈራችን የቤት ሐኪም ናት፤ ቤት ሲታመም የሚመጡትን እንዲያ ነው የምንላቸው። እናቷና እልፍነሽ ወዳጆች ስለነበሩ ሌላውን ቤት ሳምንት ብታስጠብቅም እኔ ዘንድ ወዲያውኑ መጣች። ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ከፍታ ስታነብ ቆየች።

«ጋሼ፣ ጠዋት የሚወጡት መቼ ነው?»

«በሩ እንደተከፈተ ነዋ።»

«መዝጋቢው ሳይነቃ ማለት ነው።»

«መዝጋቢው መቼ እንደሚነቃ እኔ በምን አውቄ!» አልኳት። ልጅቷ ላይ መጮሄ አግባብ አልነበረም፤ ግን ጮህኩ።

እሷ አልተቀየመችኝም። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ተከፈተ የሚለውን የሚጽፈው መዝጋቢ የሚባለው ነው አለችኝ። መዝጋቢው ራሱ ግን ጠዋት ከሚነሡት አንዱ ነው፣ እንዲያውም የመጨረሻው። የሚጽፍበት ማኅደር መኖሩ መታየት አለበት፤ ማኅደሩ ደህና ማደሩ መመርመር አለበት፤ ከዚያ ወዲያ ነው እሱ የሚነቃው። እስከዚያ ድረስ በቤቱ ውስጥ የሆነው ሁሉ አንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል።

«ታዲያ ተጽፎ የለ እንዴ?»

«ሰሌዳዋ ትንሽ ናት፣ ጋሼ። ስትሞላ ከላይ ጀምሮ እየተደመሰሰ በቦታው አዲሱ ይጻፋል። መዝጋቢው ሲነቃ ያኔ ሰሌዳዋ ላይ ያገኘውን ብቻ ይገለብጣል። የተደመሰሰውን አያውቀውም። አልተደረገም ይላል።»

«እኔ በሩን ከፍቼ መውጣቴስ?»

«መጀመሪያ የሚጻፈው እሱ ነው። መጀመሪያ የሚደመሰሰውም እሱ ነው።»

«ማታ ስገባስ? ማታም ተኝቷል?»

«ማታ ነቅቷል። ግን ያልወጣ ሰው እንዴት ይገባል? ስለዚህ የገባው ሌላ ሰው ነው ብሎ ‹እንግዳ› ብሎ ይጽፋል።»

«ሰኞ እኮ ሥራ የለኝም! ቀኑን ሙሉ እዚህ ነው የምጎለተው!»

ግድግዳውን አየት አድርጋ፣ «እሑድ ማታ የመጣው እንግዳ አልሄደም፣ ይላል» አለችኝ። ሳቋን ለመዋጥ ስትታገል አየኋት። እኔን ግን አላሳቀኝም። ቤቴን ሊወስዱብኝ ነው፤ እዚህ ዕድሜ ላይ ሌላ ቤት የሚሰጠኝ የለም። ተራ ልያዝ ብልም ተራው ሳይደርሰኝ ሞቴ ይደርሳል።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» አልኩ። «ስንት ዓመት ሙሉ በዚያው ሰዓት ነው የወጣሁት። ያኔ ነዋሪ ነበርኩ።»

«ድሮ ሰሌዳዋ አትሞላም ነበር። አሁን የሚሞላት ምን እንደሆነ ያውቁታል» አለችና አቀረቀረች።

አውቀዋለሁ። እንዴት አላውቀው?

እልፍነሽ በልብ ሕመም አራት ዓመት ቤት ዋለች። ክሊኒኩ እጇ ላይ አምባር አሰረላት፤ አምባሩ ለቤቱ ይናገራል፣ ቤቱ ለክሊኒኩ። ከቤቱ ከራቀች አምባሩ ስለማይሰማ እንዳትወጣ ተከለከለች። ጠዋት ቤቱ ሲነሣ ከምድጃ ቀጥሎ «የወይዘሮ እልፍነሽ አምባር» ብሎ ይጠራል፣ «አለ» ይላል፣ ያልፋል። እሷ አልጋው ላይ ሆና፣ «አለሁ፣ አለሁ፣ የት እሄዳለሁ ብለህ ነው» እያለች ትመልስለት ነበር። ለእኔ ደግሞ፣ «አንድ ቀን ከኋላህ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጠኝና አዲስ አበባ ደርሼ ልመለስ» ትለኝ ነበር። ሲሻልሽ እላታለሁ። አልተሻላትም።

የሞተች ቀን አምባሩ አልወለቀም። የሚከፍተው የክሊኒኩ ቁልፍ ነው፤ ባለ ቁልፉ ደግሞ ለሥራ ወጥቷል፣ ነገ ይመጣል አሉን። ድንኳን ተተክሏል፣ ካህናቱ መጥተዋል፣ የእድሩ ሰው ደጁን ሞልቶታል። የእድራችን ዳኛ «ለአምባር ተብሎ ቀብር አያድርም!» አሉ፣ ሁሉም ተስማማ። እኔም ተስማማሁ። ዛሬም ቢሆን እስማማለሁ። ከነአምባሯ ተቀበረች።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ በየጠዋቱ ይጠራታል። «የወይዘሮ እልፍነሽ አምባር። አልተገኘም። እንደገና እፈልጋለሁ። የወይዘሮ እልፍነሽ አምባር። አልተገኘም። እንደገና እፈልጋለሁ።» ተስፋ ቆርጦ ወደሚቀጥለው ዕቃ እስኪያልፍ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚላት ቆጥሬ አላውቅም፤ በሩን ዘግቼ ስሄድ ከኋላዬ ይጀምራል፣ ጆሮዬን ይዤ ነው የምርቀው። ለካ እያንዳንዷ ጥሪ ሰሌዳዋ ላይ ትጻፋለች። ለካ የሚስቴ ስም ነው የእኔን እያጠፋ የኖረው።

«ሰሌዳዋን አስፊልኝ» አልኳት።

«የታሸገች ናት፣ ጋሼ። ብነካት ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ትንሽ ቆይተው፣ መዝጋቢው ሲነቃ ቢወጡስ?»

«ልጄ፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ እኮ ነው የእኔ! ቆይቶ ከወጣ ሁለተኛው ሊባል ነው።»

«እንግዲያው አምባሩን ያሰርዙ» አለች።

ቀላል መሰላት። ለእኔም ቀላል መስሎኝ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘኋት ሠራተኛ ፊቷ ደግ ነው። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ነገርኳት። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝና፣ «ዕቃው ሲመለስ እንሰርዘዋለን» አለችኝ።

«ዕቃው የት እንዳለ ነገርኩሽ እኮ።»

«ገብቶኛል፣ አባቴ። ግን እዚህ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ተመልሷል፣ ወይም ጠፍቷል።»

«እሺ፣ ጠፍቷል በይው።»

«ለመጥፋቱ ከፖሊስ ማረጋገጫ ያስፈልጋል።»

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ቀኝ እጄን አስነሥተው እውነቱን እንድናገር አስማሉኝ። ከማሉ በኋላ የሚዋሹ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልቻልኩበትም።

«የት ነው የጠፋው?» አለኝ መርማሪው።

«ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ጽድ ዛፉ ሥር፣ ሚስቴ መቃብር ውስጥ ነው ያለው።»

«የት እንዳለ ያውቃሉ ማለት ነው።»

«አውቃለሁ። በየሳምንቱ እሄዳለሁ።»

«እንግዲያው አልጠፋማ» አለኝ፣ የምሥራች እንደሚናገር ሰው ፈገግ ብሎ። ከዚያ ሊረዳኝ ፈልጎ፣ መቃብሩ እንዲከፈት ማመልከት እንደምችል ነገረኝ። አምባሩን ለማውጣት ያህል ብቻ ነው አለ፤ ቶሎ ያልቃል አለ። ደህና ዋል ሳልለው ወጣሁ።

የነዋሪነት ጽሕፈት ቤት ውስጥ ደግሞ አቶ ናሁሰናይ የሚባሉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው አሉ። ሁሉም ሰው ወደ ጠረጴዛቸው ተደፍቶ ነው የሚያናግራቸው። እኔም ተደፋሁ።

«ነዋሪው እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«መዝገቡ እንዲያ አይልም።»

«እኔ ነኝ እየነገርኩዎት ያለሁት!»

«እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ አቶ ዘውገ። እንግዳ ስለ ቤቱ ቃል መስጠት አይችልም።»

«ጎረቤቶቼን ላምጣ። እድሩን በሙሉ ላምጣ። ዓምና ድንኳን የተተከለው እዚያው ደጅ ነው።»

«ጎረቤት ይዋሻል አልልም» አሉ፣ ድምፃቸውን ይበልጥ ዝቅ አድርገው። «ጎረቤት ግን ይሰለቻል፤ ሁልጊዜ አያይም። መዝገብ አይሰለችም።» ከዚያ እንደ ትልቅ ውለታ አድርገው፣ አንድ ሳምንት ሙሉ ሳይቋረጥ መውጣቴንና መግባቴን የሚናገር መዝገብ ከተገኘ ነዋሪነቴ እንደሚመለስልኝ ነገሩኝ። አንድ ሳምንት! ሠላሳ ዓመት ኖሬ፣ የሚያድነኝ አንድ ሳምንት ሆነ። እሱንም ቤቱ አይጽፍልኝም።

ክሊኒኩ ተመልሼ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ የሚጮህበት ሰው ፈልጌ ይመስለኛል። ያችው ሠራተኛ ጮሄ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ ግራ ቀኝ አይታ፣ «ምትክ ከፈለጉ ግን ዛሬውኑ ልሰጥዎ እችላለሁ» አለችኝ።

«የምን ምትክ?»

«የአምባር። ታማሚዋ አምባሩን ልታገኘው ካልቻለች ምትክ ይሰጣታል። ቤቱ አሮጌውን ትቶ አዲሱን ይጠራል።»

«ሞታለች እኮ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«እሱን የሚጠይቅ ቦታ ቅጹ ላይ የለም» አለች።

ተያየን። መሰረዝ አይቻልም፤ ለሞተች ሴት አዲስ ማውጣት ግን ይቻላል። ልሳደብ አፌን ከፈትኩ። ከአፌ የወጣው ግን «ስጪኝ» የሚል ነው። የእልፍነሽን ስም ጻፈችበትና በትንሽ ከረጢት አድርጋ ሰጠችኝ። ስወጣ «እግዜር ያጽናዎት» አለችኝ። እንዲህ ያለኝ የመሥሪያ ቤት ሰው እሷ ብቻ ናት።

አምባሩን በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ጠዋት ቤቱ ተነሣ፤ አምባሩ ፊቱ ተንጠልጥሎ እያየሁት «አልተገኘም። እንደገና እፈልጋለሁ» አለ። ኤልዳና ስትመጣ እጇን ራሷ ላይ አድርጋ ሳቀች። «የሰው ገላ ሙቀት ካላገኘ መልስ አይሰጥም፣ ጋሼ። የሚታሰር ነው እንጂ የሚሰቀል አይደለም።»

«ታዲያ ለማን እሰረው?»

የእጄን አንጓ አየችው።

የሴት አምባር ነው፤ ጠባብ ነው። በማግስቱ ጠዋት በጨለማ እየታገልኩ አሰርኩትና እንደ ልማዴ ሳልወጣ ደፍ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። በር፤ አለ። መብራት፤ አለ። ውሃ፤ አለ። ምድጃ፤ አለ።

«የወይዘሮ እልፍነሽ አምባር» አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አለ።»

ከዚያ ወደሚቀጥለው አለፈ። በቃ። ዓመት ሙሉ ዝም በል ስለው የኖርኩት ቤት ዝም አለ። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ግን «አለሁ፣ የት እሄዳለሁ ብለህ ነው» የሚል ሰው ከወደ አልጋው ጠበቅኩ። የሚጠራት ቢኖር እሱ ብቻ ነበር፤ እሱንም አስተውኩት።

ፍለጋው ስለቀረ ቤቱ ቶሎ ተነሣ። ወጥቼ በሩን ስዘጋ ከኋላዬ ከዚህ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ተሰማኝ። መዝጋቢው ነቅቶ ሰሌዳዋን እያነበበ ነው።

«አቶ ዘውገ አርጋው ወጡ» አለ። «ወይዘሮ እልፍነሽ ወጡ።»

ከአራት ዓመት ከዚያም ከዓመት በኋላ፣ እልፍነሽ ከቤት ወጣች። መንገዱን ሙሉ ተናድጄ ነው የሄድኩት። በማን እንደተናደድኩ ብትጠይቁኝ አልመልስላችሁም።

አውቶቡሱም ጠዋት እንደ አዲስ ነው የሚነሣው፤ በዚህ ዘመን እንዲያው የሚነሣ ነገር የለም። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ጎማ፤ አለ። ፍሬን፤ አለ። ሾፌር፤ አለ። ከዚያ ተሳፋሪ ሳይገባ፣ በሩ እንኳ ሳይከፈት፣ «ተሳፋሪ፤ አንድ» አለ።

ዘወር ብዬ አየሁ። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው።

«ተሳፋሪ አንድ ቀበቶ አላሰሩም» አለ። «ቀበቶ ሳይታሰር መንቀሳቀስ አይቻልም።»

«ማንም የለም!» አልኩት። «ሰው የለም እኮ! ታያለህ አይደል!»

«ተሳፋሪ አንድ ቀበቶ አላሰሩም።»

ለካ የሚቆጥረው አምባሩን ነው፤ ላውልቀው ብዬ ያዝኩት። የክሊኒኩ ቁልፍ ካልመጣ አይወልቅም፤ እሱን ረስቼዋለሁ። ከውጭ ሰልፈኛው በመስኮቱ እያየኝ ነው፤ እኔ ከባዶ አውቶቡስ ጋር ስጨቃጨቅ። በመጨረሻ እየተነጫነጭኩ ተነሣሁ፣ ከእኔ ኋላ ወዳለው ወንበር ሄድኩ፣ ቀበቶውን ስቤ ባዶው ወንበር ላይ አሰርኩት። ቀጭ አለ።

«እናመሰግናለን» አለ አውቶቡሱ። «መልካም ጉዞ ይሁንልዎ።»

ሳምንቱ ሞላ፤ ሰኞም ሥራ ባይኖረኝ ወጥቼ ገባሁ፣ አንድም ቀን አልጎደለም። አቶ ናሁሰናይ መዝገቡን አዩና ቤቱን መልሰው በስሜ አደረጉልኝ። ማስታወቂያውን አሁንም ቤቱ ራሱ አነበበልኝ፤ ነዋሪ ሁለት ይላል። በማግስቱ ሄጄ፣ አንድ ነው አልኳቸው፣ እሷ ሞታለች። መዝገቡ ሁለት እንደሚል፣ ለማስተካከል ከፈለግሁ ግን ጉዳዩ ከመጀመሪያው እንደገና እንደሚታይ፣ ያው ድምፃቸው ሳይሰማ ነገሩኝ። ተደፍቼ ሰማኋቸውና «ይቅር» አልኳቸው። ቤቱ ማታ ስገባ እንኳን ደህና መጡ ማለቱን ትቷል፤ ነዋሪ እንዲያ አይባልም።

አሁን አውቶቡሱ ሳይጠይቀኝ ቀበቶውን አስቀድሜ አስረዋለሁ። ትናንት አንዲት ሴት ዘንቢል ተሸክማ ቀድማ ገባች። ወደ ኋላ ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው፤ እሷ ግን ከእኔ ኋላ መጥታ ቆመች፣ የታሰረውን ቀበቶ አየች፣ ከዚያ እኔን አየች።

«ይሄ ወንበር ሰው አለው?» አለችኝ።

እጄን አየሁት።

«አለው» አልኳት።